ለቤት መከላከያ ሾትጋንና ማነጣጠሪያ ለመምረጥ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ አባወራ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለቤት መከላከያ የሚሆን አንድ ሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ እንክብል የሚተኩስ ጠመንጃ) ለመግዛት ካሰብኩ ሰንብቻለሁ፤ ሆኖም ሱቅ በገባሁ ቁጥር የምሰማው ምክር እርስ በርሱ ስለሚጣረስ፣ በጉዳዩ ልምድ ያላችሁ ወገኖች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የቤታችን አሠራር እንዲህ ነው። የመኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ላይኛው ፎቅ ላይ ሲሆኑ፣ ከእኔና ከባለቤቴ ክፍል በር እስከ ደረጃው ራስ የሚዘልቀው ኮሪደር የቤቱ ረጅሙ ቀጥታ መስመር ነው፤ ርዝመቱም ወደ 9 ያርድ ይጠጋል። የልጆቻችን ሁለት ክፍሎች በዚሁ ኮሪደር ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ትልቁ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ ታናሽየዋ ገና 6 ዓመቷ ነው። የውስጥ ግድግዳው እንደ አብዛኛው የዚህ አገር ቤት በእንጨት ማገር ላይ የተለጠፈ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው።

ለመሣሪያው፣ ለማነጣጠሪያውና ለመብራቱ በጠቅላላው እስከ 1,200 ዶላር ለማውጣት ተዘጋጅቻለሁ። ዓይኔ ያረፈው በሦስት ሞዴሎች ላይ ነው፦ ሞስበርግ 590፣ ሬሚንግተን 870፣ እንዲሁም ከአቅሜ በላይ ቢሆንም ራሱ እያጎረሰ የሚተኩሰው ቤሬታ 1301። ጎጃም ውስጥ የአባቴን ምንሽር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ስላደግሁ ጠመንጃ እንግዳዬ አይደለም፤ ሾትጋን ግን ተኩሼ አላውቅም። ዕድሜዬ ከ45 አልፏል፣ መነጽር አደርጋለሁ፣ አስቲግማቲዝምም (ምስልን የሚያዛባ የዓይን ጉድለት) አለብኝ። ባለቤቴ አጠር ያለች ስለሆነች ሰደፉ ይረዝምባት ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ፤ እኔ የሌሊት ፈረቃ በምሠራበት ጊዜ ግን መሣሪያው ለእርሷ ማገልገል አለበት።

አንዱ ሻጭ «ሾትጋን ማነጣጠር አይፈልግም፤ ወደ አቅጣጫው ማዞር ብቻ ይበቃል፤ ለማነጣጠሪያ ገንዘብ አታባክን» አለኝ። ሌላው ደግሞ ሬድ ዶት (በመስታወቱ ውስጥ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ የባትሪ ማነጣጠሪያ) የሌለው ሾትጋን ዛሬ ምንም ዋጋ የለውም ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱ የቱ ነው? በእጅ የሚሳበው ፓምፕ ይሻላል ወይስ ራሱ የሚያጎርሰው? በአፈሙዙ ጫፍ ካለችው ተራ የናስ ፍሬ፣ ከቀለበት ማነጣጠሪያና ከሬድ ዶትስ ለእኔ ዓይን የሚስማማው የትኛው ነው? በመጨረሻም፣ ባለቤቴ ዜጋ ስትሆን እኔ የግሪን ካርድ ባለቤት ነኝ፤ ይህ በግዢው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦ አሰልጣኙ (ዳላስ፣ ቴክሳስ)

ወንድሜ አባወራ፣ የቤትዎን ርቀት ለክተው መጠየቅዎ ሥራውን አቅልሎልናል፤ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከመሣሪያው ስም ነውና።

የመጀመሪያው ሻጭ የነገረዎትን ይርሱት። የእርሳስ እንክብሎቹ ከአፈሙዝ የሚወጡት ተሰብስበው ሲሆን የሚበተኑት ቀስ በቀስ ነው። የቆየው የተኳሾች ግምት በየአንድ ያርዱ አንድ ኢንች ያህል ይሰፋል የሚል ነው፤ በዚህ ግምት እንኳ ቢሄዱ በኮሪደርዎ ጫፍ ላይ የሚኖረው ስፋት 9 ኢንች ብቻ ነው። ፌዴራል የተባለው የጥይት ፋብሪካ ፍላይትኮንትሮል በሚባለው መያዣ የሚያሽገውን ዓይነት ጥይት ከተጠቀሙ ደግሞ፣ በዚያው ርቀት ላይ ወረቀቱን የሚበሳው ክምችት ከአንድ ጡጫ እምብዛም አይበልጥም። ጡጫ የሚያህል ነገር በጨለማ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ልጆች በተኙበት ኮሪደር ውስጥ ሳይነጣጠር ይተኮሳል ማለት ዘበት ነው። ፓምፑ ሲሳብ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ሌባ ያባርራል የሚለው ወሬም የመከላከያ ዕቅድ ሊሆን አይገባውም፤ ሊያባርር ይችላል፣ ያሉበትን ቦታ ሊያሳብቅም ይችላል።

ከመሣሪያው በፊት ስለ ጥይቱ ልናገር። ለቤት መከላከያ የተለመደው ደብል ኦ ባክ የሚባለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ እንክብል 0.33 ኢንች ወይም 8.4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ በአንድ የ2¾ ኢንች ጥይት ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 9 እንክብል ይገባል። ብዙ አሰልጣኞች 8 የያዘውን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም በ9ኙ ድርድር ውስጥ አንዷ እንክብል ከጓደኞቿ ተለይታ የመውጣት ጠባይ ስላላት ነው። ከአፈሙዝዎ ለወጣ ለእያንዳንዱ እንክብል በሕግም በኅሊናም ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። የወፍ ጥይት (ደቃቅ እንክብል ያለው) ግድግዳ አይበሳም ብለው የሚመክሩዎት ሰዎች ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩዎት፤ ጥልቀት ስለሌለው ጥቃትን ለማስቆም አይታመንም። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1986 በማያሚ ከደረሰበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ጥይቶችን የሰውነት ሥጋን በሚተካ ጄላቲን መፈተን ሲጀምር ዝቅተኛ ያደረገው ጥልቀት 12 ኢንች ነው። ይህን መስፈርት የሚያሟላ ማናቸውም ጥይት የጂፕሰም ሰሌዳን፣ አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታታዩንም፣ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የልጆችዎ ደኅንነት የሚወሰነው እርስዎ የት ቆመው ወደየት እንደሚያነጣጥሩ እንጂ በጥይቱ ዓይነት አይደለም።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ ሞስበርግ 500 እና ወንድሙ 590፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የተሠራው ሬሚንግተን 870 በአሜሪካ በብዛት የተሸጡ ፓምፖች ናቸው። የሚለያዩት በጥቃቅን ነገር ቢሆንም ጥቃቅኑ ነገር በሌሊት ዋጋ አለው። የሞስበርግ ሴፍቲ (የተኩስ ማገጃ) ከላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ለቀኝም ለግራም እጅ እኩል ይመቻል፤ ሰደፉን አውጥተው በሽጉጥ መጨበጫ ከተኩት ግን አውራ ጣትዎ እንደ ልብ አይደርስበትም። የሬሚንግተን ሴፍቲ ከምላጩ ኋላ በኩል የሚገፋ ቁልፍ ነው። የሬሚንግተን ወገብ (ማጉረሻው ያለበት መሐከለኛ አካል) ብረት ስለሆነ ከበድ ይላል፤ የሞስበርግ አሉሚኒየም ነው። የሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 ለኪሳራ ጥበቃ ያመለከተ ስለነበር፣ ያገለገለ ሬሚንግተን ካገኙ የተሠራበትን ዘመን አጣርተው ይግዙ። ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለጉ የሞስበርግ ታናሽ የሆነው ማቭሪክ 88 ግማሽ ያህል ዋጋ ብቻ ነው፤ የሴፍቲው ቦታ ቢለይም አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው።

ፓምፕን የማልመክርበት አንድ ምክንያት ቢኖር የባለቤቱ ስንፍና ነው። የፊት እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳይስቡ ከመለሱት ያልጎረሰ መሣሪያ ይዘው ይቆማሉ፤ ይህም በጭንቀት ጊዜ ልምምድ በሌለው ሰው ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ቤሬታ 1301 በጋዝ ስለሚሠራ ይህን ሥጋት ያስቀራል፤ ርግጫውንም ያለዝባል፤ ዋጋው ግን ማነጣጠሪያ ሳይጨመር በጀትዎን ይበላል። ቤሬታ ኤ300 አልቲማ ፓትሮል ከእርሱ ዝቅ ባለ ዋጋ የሚገኝ ስለሆነ ቢያንስ በእጅዎ ይዘው ይዩት።

የቱንም ቢገዙ ከማነጣጠሪያ በፊት መብራት ይግጠሙ። በፓምፕ ላይ ከሚገጠሙት ውስጥ የስትሪምላይት ቲኤል ራከር ከፊት እጀታው ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራ ነው። የመሣሪያው መብራት ግን ማን እንደመጣ መፈለጊያ አይደለም፤ ውሃ ለመጠጣት የተነሳው ልጅዎ ላይ አፈሙዝ ማዞር ማለት ነውና፣ ለመፈለጊያ ሌላ የእጅ ባትሪ አልጋው አጠገብ ይኑር።

መልስ 2፦ እናት በኦሮራ (ኮሎራዶ)

ወንድሜ፣ ባለቤትዎን በጥያቄዎ ውስጥ ማስገባትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ እኔም አጠር ያልኩ ሴት ስለሆንኩ ከዚያ በኩል ያለውን ልናገር።

አብዛኛው ከፋብሪካ የሚወጣ ሾትጋን ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ 14 ኢንች ያህል ይረዝማል፤ ይህ ልክ የተሰፋው ለረጅም ወንድ አዳኝ ነው። አጠር ያለ ሰው ሲይዘው ክንዱ ይዘረጋል፣ ወገቡ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ጉንጩም በሰደፉ ላይ በትክክል አያርፍም፤ ከዚያ በኋላ የተገጠመው ማነጣጠሪያ ምንም ይሁን ምን አይረዳውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰደፉን ያሳጥሩ። ሆግ የተባለው ድርጅት 12 ኢንች የሆነ አጭር ሰደፍ ይሠራል፤ የማግፑል ኤስጂኤ ደግሞ በመሐል የሚገቡ ቁርጥራጮችን በመጨመርና በመቀነስ ልኩ የሚስተካከል ነው። የወንድ ክንድ በአጭር ሰደፍ መተኮስ ይችላል፤ የአጭር ሰው ክንድ በረጅም ሰደፍ መተኮስ ግን አይችልም፤ ስለዚህ መሣሪያው የጋራ ከሆነ ልኩ የባለቤትዎ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር 20 ጌጅን (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ሳያዩ አይለፉ። ሰዎች የልጆች መሣሪያ ነው ብለው ይንቁታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የ12 ጌጅ በርሜል ውስጠኛ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ20ው 15.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳሱ ያንሳል፣ መሣሪያው ይቀልላል፣ ርግጫው ለብዙ ሴቶች የሚቻል ይሆናል። ሰው የሚለማመደው የማያሳምመውን መሣሪያ ነው። እውነት ለመናገር 20 ጌጅም ጉድለት አለው፦ ለመከላከያ የተሠራው የጥይት ምርጫ ጠባብ ነው፣ ማነጣጠሪያና መብራት የሚገጠምበት ዕቃም ከ12ቱ ያነሰ ነው። በ12 ከጸኑ ርግጫው የተቀነሰውን ጥይት ይግዙ፤ ኮሪደር ውስጥ የሚጎድልበት ነገር የለም። ሁለቱን ጌጅ በአንድ ቤት ማኖር ግን አደገኛ ነው። የ20 ጌጅ ጥይት ቀለሙ ቢጫ እንዲሆን የተደረገው በምክንያት ነው፤ በስሕተት በ12 በርሜል ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ተንሸራትቶ መሐል ላይ ይወተፋል፤ ከኋላው 12 አጉርሶ የተኮሰ ሰው በርሜሉ በእጁ ላይ ይፈነዳል።

ሦስተኛው ነገር ልጆቹ ናቸው። አባቴም ምንሽሩን ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቅለው፤ ያ ዘመንና ያ አገር ሌላ ነው። የ6 ዓመት ልጅ የተደበቀን ሁሉ ታገኛለች፤ የ13 ዓመቱ ደግሞ የሚያስፈራኝ በሌላ በኩል ነው። በዚህ አገር በጠመንጃ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ጉርምስና ከባድ ዕድሜ ስለሆነ ልጄ እንዲህ አያደርግም ብሎ መተማመን አይገባም። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት፣ ከግድግዳው ማገር ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ይግዙ፤ ቁጥሩን ከእርስዎና ከባለቤትዎ በቀር ማንም አይወቀው። በውስጡም ሲቀመጥ ጥይት የሚደረደርበት ቱቦ ጥይት ይኑረው፣ ማጉረሻው ግን ባዶ ይሁን። በአብዛኛው ሾትጋን ላይ ሴፍቲው የሚያግደው ምላጩን ብቻ ስለሆነ፣ የጎረሰ መሣሪያ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል።

መልስ 3፦ ዒላማ (ሲያትል፣ ዋሽንግተን)

የተከበሩ አባወራ፣ ሁለቱ ቀዳሚዎቼ ማነጣጠሪያውን ለመጨረሻ ትተውታል። የገንዘብ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዕድሜዎንና ዓይንዎን ስመለከት ጉዳዩን በደንብ መዘርዘር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

በአፈሙዙ ጫፍ የምትቀመጠው የናስ ፍሬ የኋላ ጓደኛ የላትም። የኋላ ማነጣጠሪያዎ የራስዎ ዓይን ነው፤ ዓይንዎ ደግሞ ያለበትን ቦታ የሚወስነው ጉንጭዎ በሰደፉ ላይ ያረፈበት ነጥብ ነው። ጉንጭ ከፍ ካለ ጥይቱ ወደ ላይ ይሄዳል። እህታችን ሰደፉን አስቀድሙ ያሉት ለዚህ ነው። ሰደፉ ልክዎ ከሆነና ከተለማመዱ በ9 ያርድ ላይ ይህች ፍሬ ትበቃለች፤ በጨለማም ቢሆን የመሣሪያው መብራት ፊት ለፊት ያለውን ሲያበራ ፍሬዋ ጥላ ሆና ትታያለች። ብርሃን ሰብስቦ የሚያበራው የፋይበር ማነጣጠሪያ ግን ቀን ላይ ያማረ ሆኖ ሌሊት ላይ የሚሰበስበው ብርሃን ስለማያገኝ ለቤት ብዬ አልገዛውም። ትሪቲየም ያለበት በራሱ ይበራል፤ ሆኖም ድምቀቱ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያገለገለ ሲገዙ የተሠራበትን ዓመት ይዩ።

ጎስት ሪንግ የሚባለው የቀለበት ማነጣጠሪያ ለዓይን ቀርቦ በሚቀመጥ ሰፊ ቀለበትና ከፊት ባለ ቋሚ ጥርስ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ በእንክብሎች ፋንታ አንድ ሙሉ እርሳስ ለሚተኩስ ሰው ከናሷ ፍሬ እጅግ ይሻላል። የእርስዎ ችግር ግን ከ45 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ በቅርብ ያለውን ነገር ማጥራት ስለሚያቅተው የፊተኛው ጥርስ መደብዘዙ ነው። ሬድ ዶት የሚያድንዎ ከዚህ ነው፤ ነጥቡ ከዒላማው ጋር በአንድ ርቀት ያለ ሆኖ ስለሚታይ ዓይንዎ ሩቁን ብቻ ማየት ይበቃዋል፤ ሁለቱንም ዓይን ከፍተው መተኮስ ይችላሉ፤ ጉንጭዎ በመጠኑ ቢዛነፍም ነጥቡ ያለበትን ቦታ ይመታሉ። እውነተኛው ጥቅሙ ይህ ስለሆነ፣ ለእርስዎ ዓይን ቅንጦት ነው ብዬ አላስብም።

አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ነጥቡን እንደ ኮከብ የተበተነ ወይም እንደ ጭራ የተጎተተ አድርጎ ያየዋል። ሱቅ ውስጥ መነጽርዎን አድርገው ይመልከቱበት፤ ነጥቡ ከተበተነብዎ ድምቀቱን ይቀንሱ፤ አሁንም ካልተስተካከለ በስልክዎ ካሜራ ይዩት። በካሜራው ክብ ሆኖ ከታየ ጉድለቱ ከዕቃው ሳይሆን ከዓይንዎ ነው። አንዳንድ ሰው አረንጓዴው ይጠራለታል። እኔ ግን ለሾትጋን የምመርጠው ክብ መስመር ያለውን ነው። ለምሳሌ የሆሎሰን 507ኬ በ32 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ) ክብ ውስጥ የ2 ኤምኦኤ ነጥብ ያሳያል። አንድ ኤምኦኤ በ100 ያርድ ላይ ከአንድ ኢንች ትንሽ ስለሚበልጥ፣ ያ ክብ በኮሪደርዎ ጫፍ ላይ የሚሸፍነው 3 ኢንች ያህል ነው፤ አሰልጣኙ ከጠቀሱት ጠባብ የጥይት ክምችት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ልብ ይበሉ። ነጥቧ ብትበተንብዎ እንኳ ክቡ ያገለግልዎታል።

አገጣጠሙ ከዕቃው ምርጫ የበለጠ ያሳስበኛል። ሰዎች ወገቡ ላይ ሐዲድ ያስሩና በዚያ ላይ ከፍ ያለ ሬድ ዶት ይጭናሉ፤ ውጤቱም ጉንጭ ከሰደፉ ተነስቶ አገጭ ብቻ የሚነካበት፣ ከርግጫው በኋላም ነጥቧን ፍለጋ አንገት የሚንቀሳቀስበት መሣሪያ ነው። እንደ ሞስበርግ 940 ፕሮ ታክቲካልና እንደ አንዳንድ የ590 ሞዴሎች ወገባቸው አስቀድሞ ተቦርቡሮ ለትንሽ ሬድ ዶት የተዘጋጁ አሉ፤ በእነዚህ ላይ ዕቃው በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የናሷ ፍሬ በመስታወቱ ታችኛው ክፍል ትታያለች፤ ባትሪው ቢሞትም መሣሪያው ዕውር አይሆንም። ቡርቡሩ አርኤምኤስሲ በሚባለው ልክ የተሠራ ሲሆን የ507ኬ መሠረት ከእርሱ ጋር ቢቀራረብም ፍጹም አንድ ስላልሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ በፊትዎ ይግጠመው።

ከገጠሙት በኋላ ሁለት ነገር ያድርጉ። ብሎኖቹን በልካቸው አጥብቀው መቆለፊያ ፈሳሽ ይቀቡና በብሎኑና በመሠረቱ ላይ በቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፤ የ12 ጌጅ ርግጫ ብሎን የሚፈታ ስለሆነ መስመሩ ከተዛነፈ ወዲያው ያውቃሉ። ቀጥሎ ድምቀቱን በሌሊት ያስተካክሉ፦ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው መብራቱን ከኋላው ሰው በሌለበት ነጭ ግድግዳ ላይ ያብሩ። በጨለማ ደስ የሚል የነበረው ነጥብ የግድግዳው ነጸብራቅ ሲመለስ ሊጠፋ ይችላል፤ በነጸብራቁ ውስጥ እስኪታይ ድረስ ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ በላይ ግን አያድምቁት። አምራቾቹ አንዷ ሲአር 1632 ባትሪ በመካከለኛ ድምቀት እስከ 50,000 ሰዓት ትቆያለች ይላሉ፤ እኔ ሳልጠብቅ በየእንቁጣጣሹ እቀይራታለሁ።

ጠያቂ፦ አባወራ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ ስለ ሰደፉ ልክ የነገሩኝን ባለቤቴ አንብባው «እኔም ይኸው ነበር የምልህ» አለችኝ፤ የብረት ሣጥኑን እርሷ ትመርጣለች። ሱቅ ሄጄም ነጥቡን አየሁት፦ ቀዩ እንደ ኮከብ ተበተነብኝ፣ አረንጓዴው ባለ ክቡ ግን ጥሩ ሆኖ ታየኝ። የቀረኝ የሕጉ ጥያቄ ነው።

መልስ 4፦ የጣና ልጅ (ሂዩስተን፣ ቴክሳስ)

ጠበቃ አይደለሁም፤ የሚከተለውን ከማንኛውም የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ጋር ያመሳክሩት።

ቋሚ ነዋሪ፣ ማለትም የግሪን ካርድ ባለቤት፣ ሾትጋን መግዛት ይችላል። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሲገዙ 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላሉ፤ የውጭ ዜጋ ቁጥርዎን ይጽፋሉ፤ ነጋዴውም የጀርባ ማጣሪያውን ያስደርጋል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም። ቤትዎ የሚያርፍ እንግዳ በዚህ ምድብ ውስጥ ከሆነ ሣጥኑን የሚቆልፉበት ሌላ ምክንያት አለዎት።

በቅጹ ላይ ዜግነትን የሚጠይቀውን ቦታ በጥንቃቄ ይሙሉ። ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ሳለ ዜጋ ነኝ ብሎ የሞላ ሰው ወንጀሉ ብቻ ሳይሆን ከአገር ሊያስወጣው የሚችለው የሐሰት የዜግነት ይገባኛል ባይነት ይከተለዋል። ማሪዋና ይጠቀማሉ ወይ የሚለው ጥያቄም በየስቴቱ የተፈቀደውን አይመለከትም፤ ቅጹ የፌዴራል ነው። ባለቤቴ ዜጋ ስለሆነች በስሟ ትግዛልኝ የሚል ሐሳብም አይኑርዎት፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ ለሌላ ሰው የሚገዛ ሰው ገዢው እኔ ነኝ ብሎ ከፈረመ የፌዴራል ወንጀል ነው። እርስዎ በራስዎ ስም መግዛት ስለሚችሉ ይህ ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም።

በእኛ ሰው ዘንድ ብዙም የማይታወቀው ነገር፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ አገዛዝ፣ አያያዝ ወይም አጠቃቀም ወንጀል ከተፈረደበት፣ ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም እንኳ በስደተኞች ሕግ የመባረር ምክንያት ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ በርሜል ማሳጠር የሚባል ነገር አያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የፌዴራል ሕግ ሳይመዘገብ ከ18 ኢንች ያነሰ በርሜል ያለው ሾትጋን መያዝ ከባድ ወንጀል ነው። ከፋብሪካው 18.5 ኢንች ሆኖ የመጣውን እንደመጣ ይተዉት።

በቴክሳስ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 46.13 መሠረት ለመተኮስ የተዘጋጀ መሣሪያን በቸልተኝነት የተወ ሰው፣ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካገኘው ይጠየቃል፤ ሁለቱም ልጆችዎ በዚህ ውስጥ ናቸው። የመሣሪያ ደኅንነት መጠበቂያ ዕቃዎች በቴክሳስ ከሽያጭ ግብር ነፃ ስለሆኑ ሣጥኑን ሲገዙ ይህንን ይጠይቁ። ራስን ስለመከላከል የሚደነግገው ምዕራፍ 9 ሰው ወደሚኖርበት ቤት በኃይልና በሕገ ወጥ መንገድ ለገባ ሰው የቤቱን ባለቤት ይደግፋል፤ ነገር ግን ሸሽቶ የሚሄድን ሰው፣ የሰከረ ጎረቤትን ወይም በር የተሳሳተ ሾፌርን የሚመለከት ነፃ ፈቃድ አይደለም። ተኩስ ከተፈጠረም በኋላ ወደ 911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) ደውለው የሚናገሩት እያንዳንዱ ቃል ይቀዳል።

መልስ 5፦ አሰልጣኙ

በቀደመው መልሴ የዘለልኩት አንድ ነገር ስላለ ልጨምር። በክፍልዎ በር ላይ ቆመው ወደ ደረጃው ራስ ይመልከቱ። ከዚያ ኋላ ያለው ምንድን ነው? ሸክላ የለበሰ የውጭ ግድግዳ ነው፣ መስኮት ነው፣ ወይስ የጎረቤት መኝታ ቤት? መስኮት ከሆነ የመተኮሻ መስመርዎ እስከ መንገዱ ይዘልቃል። ደግሞም የልጆቹ አልጋዎች ኮሪደሩን በሚያዋስነው ግድግዳ ተጠግተው ከሆነ ወደ ውጨኛው ግድግዳ ያዛውሯቸው። ኮሪደሩን ይዘው ከልጆቹ ክፍሎች ወዲያ ማንም እንዳያልፍ መጠበቅ እንጂ መሣሪያ ይዞ ምድር ቤቱን እየዞሩ መፈለግ የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ባለቤትዎ 911 ደውላ ስልኩን ሳትዘጋ ትቆይ።

ጠያቂ፦ አባወራ

ከደረጃው ራስ ኋላ ያለው ሸክላ የለበሰው የውጭ ግድግዳ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግራ ዞር ብሎ ስለሚገኝ መስመሩ ላይ የለም። የትንሿ ልጅ አልጋ ግን ኮሪደሩን በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ዛሬ ማታ እናዞረዋለን። ምርጫዬም ወገቡ ለማነጣጠሪያ የተቦረቦረው 12 ጌጅ ሞስበርግ 590 ሆኗል፤ በመጀመሪያ አጭሩን ሰደፍና መብራቱን እገጥማለሁ፣ አረንጓዴውን ባለ ክብ ደግሞ ከሣጥኑ ወጪ በሚተርፈው እገዛለሁ። አሰልጣኙ፣ ባልና ሚስት አብረው የሚማሩበት የሾትጋን ትምህርት በዳላስ አካባቢ የሚሰጡ ከሆነ፣ ባለቤቴ በአማርኛ ማብራሪያ ስለምትፈልግ ቀኑን ቢያሳውቁኝ እወዳለሁ።